«ምን ይሰማዎታል?» ሲባል መልስ ለሚጠፋው ሰው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከባለሙያ ጋር በመነጋገር ስለሚሰጥ የሥነ ልቦና ህክምና (የንግግር ህክምና) ሲወራ ሁሌ የሚዘለል ነገር አለ። በቤቴ ስለደረሰ ልጻፈው።

ታላቅ ወንድሜ አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። እናታችን ካረፈች ወዲህ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ደረቴን ይወጥረኛል» ይላል። ተመረመረ፣ ምንም የለብህም ተባለ። እዚሁ ጎንደር አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። «ምን ይሰማዎታል?» «ምንም።» «አዝነዋል?» «ኧረ ተመስገን ነው።» ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ወለሉን ያያል። ሦስት ቀጠሮ እንዲህ አለፈና «ለመዳን ፈቃደኛ አይደለም» ተባልኩ። በጣም ከፋኝ። ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ሥራውን ጥሎ፣ የቀን ገቢውን ትቶ፣ በባጃጅ እየተንገላታ ሦስቴ ይመላለሳል እንዴ?

በኋላ ሳነብ ለካ ነገሩ ስም አለው። አሌክሲታይሚያ ይባላል። ስሙን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያወጣለት ፒተር ሲፍኒዮስ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ ከግሪክኛው ሲፈታ ለስሜት ቃል ማጣት እንደማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ስሜቱ ይሰማዋል። ሐዘን ይሁን ንዴት ወይስ ፍርሃት መለየቱና መናገሩ ነው የሚያቅተው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከንግግር ህክምና የሚያገኙት ለውጥ ብዙ ጊዜ ያነሰ እንደሆነ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ በአካሚው በኩል መገኘቱ ነው፦ ታካሚው ቃል ሲያጣ አካሚው ይሰለቻል፣ ልቡ ይርቃል፣ ያም ውጤቱን ይጎዳዋል።

እኛ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» እየተባልን ነው ያደግነው። ችግሩ ሁሉ ከዚህ መጣ አልልም፣ ግን አያግዝም።

ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄድን። እሷ «የት ላይ ነው?» አለችው። መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። «መቼ ይብስብዎታል?» ቆይቶ፣ «ማታ፣ ቡና ሲፈላ» አለ። ማታ ማታ ቡና የምታፈላልን እናታችን ነበረች። ከዚያ ጀምሮ በየሳምንቱ ከደረቱ ተነስተው ቃሉን አብረው ሲፈልጉ ቆዩ፣ ባለፈው ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «ናፍቃኝ ነው መሰለኝ» አለኝ። 43 ዓመቱ ነው፣ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ባለሙያዎቻችንን የምለምነው ይህን ከመጀመሪያው ቀጠሮ እንዲያዩልን ነው። ይህን ለመለየት የሚያግዝ፣ 20 ጥያቄ ያለው የቶሮንቶ መጠይቅ የሚባል አለ። እሱ ባይኖር እንኳ «የት ላይ ነው?» ብሎ መጀመር ይቻላል። ብቻ ቃል ያጣውን ሰው «አይተባበርም» ብላችሁ አትሸኙት።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር አዘዞ