እማዬ፣ ዓሣ ነባሪዋ ራሷ መጣች

ለእማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? የጀልባውን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ግን ልጆቹ እየተሻሙ አላስጨርስ አሉኝ። "ምን አልሽ? ማንን ዋጠው?" ስትዪ መስመሩ ተቋረጠ። እንግዲህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ማንም አልተዋጠም።

ጀልባው አንቺ እንደፈራሽው ትንሽ አልነበረም። ጣሪያ አለው፣ መቀመጫ አለው፣ ሽንት ቤትም አለው። ትኬት የቆረጥነው ዶልፊን ለማየት ነው። አየን። ከጀልባው ፊት ፊት እየዘለሉ ትንሽ ሸኙንና ሄዱ። ደስ ይላሉ፣ ግን ስለነሱ ብዙ አልጽፍም። ልጆቹ ራሳቸው ረስተዋቸዋል።

ስንመለስ ካፒቴኑ ድንገት ሞተሩን አጠፋው። የተበላሸ መስሎኝ ክው አልኩ። ባለቤቴን ሳየው እሱም እኔን ያየኛል። ወዲያው አስጎብኚዋ "በቀኝ በኩል!" ብላ ጮኸች። ነጭ እንፋሎት ከውሃው ቀጥ ብሎ ወጣ። ከጎኑ ደግሞ ሌላ፣ አነስ ያለ። እናትና ልጅ ናቸው።

ሃምፕባክ የሚባለው የዓሣ ነባሪ ዓይነት ነው። ያደገው እስከ 15 ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱ ደግሞ 30 ቶን ገደማ ይሆናል። ቁጥሩን ቀድሜም አንብቤው ነበር፤ ግን እሱን የሚያህል ነገር ከተቀመጥሽበት ጀልባ ሥር ሲያልፍ ሌላ ነው። ጀርባዋ ቢያልፍ ቢያልፍ አያልቅም። ባለቤቴ የጀልባውን ብረት እንደያዘ ቀረ። በኋላ "ልጆቹን ልጠብቅ ብዬ ነው" አለ። ልጆቹ በሌላኛው በኩል ነበሩ።

ብዙ ቦታ ጀልባ ከ100 ሜትር ወዲህ እንዲጠጋቸው አይፈቀድም። ይህን ሕግ ግን ለግልገሉ የነገረው የለም። ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣ። እንዲህ ሲሆን ካፒቴኑ ሞተር ማስነሳት አይችልም፤ ከሥር የሚሽከረከረው ብረት ይቆርጣቸዋል። ስለዚህ እነሱ በቃን እስኪሉ እዚያው መቆም ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመናል። መርሐ ግብር ያለበት ሰው ቢኖር ማን ይሰማዋል?

ግልገሉ ከጎናችን ብቅ ብሎ ተነፈሰ። እነሱ እንደኛ አየር ነው የሚተነፍሱት፤ ይወልዳሉ፣ ያጠባሉም። ትንፋሹ ፊታችን ላይ አረፈ። እማዬ፣ ሽታው! የከረመ ዓሣ ነው። ትንሿ አፍንጫዋን ይዛ "ጥርሱን አይቦርሽም እንዴ?" አለች። ጀልባው ሙሉ በሳቅ ፈነዳ። አስጎብኚዋ ግን ጥያቄውን ከልቧ መለሰችላት። ይህ ዓይነቱ ዓሣ ነባሪ ጥርስ የለውም። አፉን ከፍቶ ውሃውን ከነትናንሽ ዓሣው ይጎርሳል፣ ከዚያ ላይኛው መንጋጋው ላይ በተሰደረ ወንፊት መሳይ ነገር ውሃውን አጥልሎ ይተፋዋል። ጉሮሮው ጠባብ ነው፣ ሰው አያሳልፍም። ስለዚህ ዮናስን የዋጠው ማንም ይሁን ማን፣ ይህኛው እንኳን አይደለም።

አንቺን ያስታወሰኝ የእናትየዋ ነገር ነው። ለምሳሌ ሃዋይ አካባቢ የሚወልዱት፣ ምግባቸው ያለው አላስካ በኩል ነው። ሙቁ ባህር ለግልገሉ ይስማማዋል፤ ለእሷ ግን እዚያ የሚበላ የለም ማለት ይቻላል። እሷ ለወራት ጾሟን እየዋለች፣ ሰውነቷ ላይ ካጠራቀመችው ስብ ወተት እየሠራች ታጠባዋለች። ሲወለድ ራሱ 4 ሜትር ገደማ የሆነውን ጎረምሳ! ከዚያ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አብረው ይዋኛሉ። ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። "ወይ እናት!" ትዪያለሽ።

ደግሞ እነዚህን ፍጥረታት ሰው ሊጨርሳቸው ምንም አልቀረው ነበር። ዓሣ ነባሪን በጠቅላላ ለንግድ ማደን በዓለም አቀፍ ደረጃ የታገደው እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ ቁጥራቸው አገግሟል። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ግን ጀልባ የሚባል ነገር አጠገብ አልደርስም ነበር።

በመጨረሻ እናትየዋ ጅራቷን ወደ ላይ አንስታ ጠለቀች፣ ልጇም ተከተላት። ትልቁ ልጄ ጅራቷን ፎቶ አንስቷል። የጅራታቸው የታችኛው በኩል ጥቁርና ነጭ መልኩ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። በዚያ ነው የሚለዩዋቸው። ሃፒዌል የሚባል ድረ ገጽ ላይ ፎቶውን ከጫንሽ፣ ቀደም ሲል የት የት እንደታየች ሊነግርሽ ይችላል። ልጁ ጭኖ መልስ እየጠበቀ ነው። በጠዋት እየቀሰቀሰ "መጣ?" ይለኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። "እኔ ባህር ላይ ምን እሠራለሁ፣ ሸክም ልሆንባችሁ ነው" ብለሽ ነው የቀረሽው። በከዘራ የሚሄዱ አንዲት ሴትዮ አብረውን ነበሩ፤ በዕድሜ ካንቺ ይበልጣሉ። ሠራተኞቹ ክንዳቸውን ይዘው አሳፈሯቸው፣ መሐል ላይ አስቀመጧቸው። ግልገሉ የወጣው በእሳቸው በኩል ነበር። እኛ ስንጋፋ እሳቸው ከመቀመጫቸው ሳይነሱ አዩት።

መሐሉና ታችኛው ክፍል ብዙም አይወዛወዝም፤ የሚያንገላታው የፊተኛው ክፍል ነው። የማቅለሽለሹ ነገር ካሳሰበሽ፣ ዓይንሽን ሩቅ፣ ሰማዩና ባህሩ የሚገናኙበት ላይ አድርጊ። ስልክ ላይ አታቀርቅሪ። ክኒኑ ደግሞ ከጀልባው በፊት ነው የሚዋጠው፤ ከተጀመረሽ በኋላ እምብዛም አይረዳም። ከደም ግፊት መድኃኒትሽ ጋር ይስማማ እንደሆነ ሐኪምሽን ቀድመሽ ጠይቂልኝ። መሳፈሪያው ደረጃ ይኑረው አይኑረው እኔ ደውዬ አጣራለሁ።

ዓሣ ነባሪ ትመጣለች ብዬ ግን አልምልልሽም። ዶልፊን ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱም ላይኖር ይችላል።

ትኬቱን ከመቁረጤ በፊት እሺ ወይ እምቢ በዪኝ። "እግዜር ያውቃል" መልስ አይደለም።

የምትወድሽ ልጅሽ