የሳይንስ ክበብ፦ የመጀመሪያዎቹን የጄት ሞተሮች ያጠናንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ጉዳይ ይዞ ከረመ፤ የመጀመሪያዎቹን የጄት ሞተሮች። ርዕሱን የመረጡት ልጆቹ ናቸው።

አሠራሩ ቶሎ ገባቸው። ኮምፕረሰሩ ከፊት የገባውን አየር ይጨምቃል፣ ነዳጅ ይቃጠልበታል፣ የጋለው ጋዝ ተርባይኑን (ዙሪያውን ብሌድ የሚባሉ ስስ ክንፎች ያሉትን መንኮራኩር) አዙሮ ከኋላ ይወነጨፋል። ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ተርባይኑ ራሱ ነው። ከዚያ ጥያቄ መጣ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍራንክ ዊትል ለጄት ሞተሩ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በእሱ ሞተር የተሠራው አውሮፕላን ግን የበረረው በግንቦት 1941 ነው። ጀርመኖቹ ሃይንክል 178 በተባለ የጄት አውሮፕላን በነሐሴ 1939 ቀድመውት ነበር። ምን አዘገየው?

አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። በ1935 ፓተንቱን ለማሳደስ 5 ፓውንድ አጥቶ መብቱ ወደቀ። የእንግሊዝ የአየር ሚኒስቴርም አልከፈለለትም። ልጆቹ በዚህ በጣም ተናደዱ፤ እኔም አልፈረድኩባቸውም።

ሌላው ምክንያት ሙቀት ነው። ይህን በእጃቸው አዩት። ከለስላሳ ቆርቆሮ ተርባይን ቆርጠው፣ ብሌዶቹን አንድ በአንድ ጠምዝዘው ከቡታጋዝ በላይ ሰቀሉት። ዞረ! እሳቱን ከፍ ሲያደርጉት ግን የብሌዶቹ ጫፍ ለስልሶ ተጣጠፈ፤ ተርባይኑም ቆመ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የታጠፈውን ብሌድ በፒንሳ ይዛ «ወፍራም ብናደርገውስ?» አለች።

ጁሞ 004 የተባለውን የጀርመን ጄት ሞተር የሠሩትን መሐንዲሶች ያስጨነቀውም ይኸው ሙቀት ነበር። ይህ ሞተር ሜሰርሽሚት 262 የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን በሰዓት 870 ኪሎ ሜትር ገደማ አብርሯል፤ በጊዜው በፒስተን ሞተር የሚበሩ ተዋጊዎች አይደርሱበትም። ነገር ግን ጀርመን በጦርነቱ ብረትን ሙቀት እንዲቋቋም የሚያደርጉት ኒኬልና ክሮሚየም አጥረዋት ነበር። አንዳንዱን ክፍል በተራ ብረት ሠርተው አሉሚኒየም ቀቡት። በኋላ የመጡት የዚህ ሞተር የተርባይን ብሌዶች ውስጣቸው ክፍት ነበር፤ አየር እያለፈ ያቀዘቅዛቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ ሞተሩ ከ10 እስከ 25 ሰዓት ቢሠራ ነው። አብራሪው ነዳጅ የሚጨምረው ቀስ እያለ ነበር፤ ከቸኮለ ሞተሩ ወይ ከመጠን በላይ ይግላል ወይ ይጠፋል።

በወላጆች ቀን ብዙ ሰው የቆመው የተጣመመው ተርባይን ጋ ነው። እንዳይጣል የለመኑኝ ልጆቹ ናቸው። ትክክል ነበሩ፤ ከሥዕሉ ሁሉ የበለጠ ያስረዳል።

ለሚቀጥለው ዓመት በብረት ልንሠራው አስበናል። ትርፍራፊ የብረት ላሜራ ያላችሁ ወላጆች ለፊዚክስ ላብራቶሪ ብታደርሱልን ደስ ይለናል።