ደብዳቤ ለልጄ፦ የተላቀቀ ጥፍር ላይ ሙጫ አታፍስሺ

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ የጅማ ዝናብ ግን ጠዋት ማታ አላቋርጥ ብሏል። ባለፈው በስልክ ያነሣሽው ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ስላለ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ሰው ሠራሽ ጥፍር የለጠፍሽላት ደንበኛ የለጠፍሽው ተላቅቆ ስትመለስ አሠሪሽ «ሙጫ አድርጊበትና ሸኚያት» እንዳለችሽ ነግረሽኛል። አታድርጊ። ሥልጠና ላይ ስለሆንሽ ክፉ ቃል አትመልሺ፤ እጅሽን ግን ሰብስቢ።

በተላቀቀው ሰው ሠራሽ ጥፍርና በተፈጥሮው ጥፍር መካከል ያለው ክፍተት ዐይን አይሞላም፤ ውኃ ግን ይገባበታል፣ ገብቶም ቶሎ አይወጣም። ሙጫ ስታፈሺበት ያንን እርጥበት ከነጀርሙ ትዘጊበታለሽ። ሲቆይ ጥፍሩ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ሻጋታ ነው ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሱዶሞናስ የሚባል እርጥበት የሚወድ ባክቴሪያ የሚተወው ቀለም ነው። እንዲህ ያለ ጥፍር ከመጣልሽ ቀለም ቀብተሽ አትሸፍኚው። የተለጠፈውን በሙሉ አንሺ፣ የተጠቀምሽበትን ሞረድ ጣይ፣ የብረት መሣሪያዎችሽን አጥበሽ በፀረ ጀርም ዘፍዝፊ፤ ጥፍሩም ባዶውን ይቆይ። ሕመምና እብጠት ካለው፣ ወይም የተፈጥሮው ጥፍር ራሱ ከሥጋው ከተላቀቀ፣ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ላኪያት።

ደንበኛዋን ከመውቀስሽ በፊት የት እንደተላቀቀ እዪ። ከሥሩ፣ ከቆዳው አጠገብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ የዝግጅት ነው። ከጥፍሩ ሥር እየወጣ በጥፍሩ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ፣ በቀላሉ የማይታይ ስስ የሞተ ቆዳ አለ። እርሱን ሳትፍቂ ከለጠፍሽ፣ የለጠፍሽው ጥፍሩ ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ ነው። ጄሉ (በመብራት የሚደርቀው) ወይም አክሪሊኩ (ከዱቄትና ከፈሳሽ የሚሠራው) ፈስሶ የጣቱን ቆዳ ከነካም እንዲሁ ነው፤ ቆዳ ይንቀሳቀሳል፣ ቅባት ያወጣል፣ ጠርዙንም ያስነሣል። ስለዚህ ዙሪያውን የክር ያህል ክፍተት ተዪ፤ የፈሰሰውንም ጣቷ ወደ ማድረቂያው መብራት ከመግባቱ በፊት በቀጭን እንጨት ጥረጊው። የተነሣው ጫፉ ከሆነ የጥፍሩን ጠርዝ በደንብ አልሸፈንሽውም፣ ወይም ርዝመቱ በዝቷል። መሐሉ ላይ ነጭ ኪስ ከታየሽ አየር ወይም ቅባት ተይዟል። አሥሩም ጣት ከተላቀቀ ዝግጅትሽን፣ ምርቱንና መብራቱን መርምሪ። ሁልጊዜ አንዷ አውራ ጣት ብቻ ከሆነች ግን በዚያች ጣት ምን እንደምትከፍትባት ደንበኛዋን ጠይቂያት።

ብዙ ሳሎን ውስጥ እጅን በለብታ የሳሙና ውኃ መዘፍዘፍ ደንበኛን እንደ ማክበር ይቆጠራል። ሰው ሠራሽ ጥፍር ልትለጥፊ ከሆነ ግን እኔ በፍጹም አልስማማበትም። ጥፍር ውኃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ የለጠፍሽው ግን እኩል አብሮት አይኮማተርም። እጇን ታጥባ በደንብ ታድርቅ፤ የጥፍሩን ቅባት አንሺ፤ ከዚያ በኋላ ጥፍሩን በጣትሽ አትንኪው። ፕራይመር፣ ማለት የሚለጠፈው እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባው፣ በስሱ ይበቃል፤ ስለበዛ አይጠነክርም። ሞረድሽም ለስላሳ ይሁን፤ የጥፍሩን አብረቅራቂነት ብቻ ይውሰድ። ጥፍሩን እስኪሳሳ የሚፍቁ ባለሙያዎች ያሳዝኑኛል፤ የሳሳ ጥፍር ይታጠፋል፣ በሚታጠፍ ነገር ላይ የተለጠፈ ደረቅ ነገርም ይላቀቃል። አክሪሊክ ስትሠሪ ፈሳሹ ከዱቄቱ እንዳይበዛ ተጠንቀቂ፤ ከበዛ ሲደርቅ ተኮማትሮ ከጥፍሩ ይሸሻል። በክረምት ማለዳ ክፍላችን ሲቀዘቅዝ አክሪሊክ ዝግ ብሎ እንደሚደርቅም አስቢ።

ጄልን በተመለከተ እዚህ ስትመጪ የሚያስቸግርሽ ኤሌክትሪክ ነው። መሐል ላይ ከተቋረጠ ጄሉ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሳይደርቅ ሊቀር ይችላል፤ ደንበኛዋ ብትቸኩልም ከመጀመሪያው ጊዜውን ቁጠሪ። መብራቱም ከጄሉ አምራች የታዘዘው ይሁን፤ አንዱ መብራት ለሁሉም ጄል አይሆንም። ውስጡ ያልደረቀ ጄል ከመላቀቁ የከፋ ነገርም አለው፤ ቆዳ ላይ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። ማሳከክ፣ መቅላት፣ መቁሰል የታየባት ደንበኛ ምርቱን ማቆም አለባት። አንዴ የጀመረ አለርጂ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ የጄሉ ኬሚካል ዘመዶች በጥርስ ሙሌትም ውስጥ ስላሉ ጣጣው በሳሎናችን አያበቃም። አክሪሊክ ጥፍርን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የጀመረውም ፍሬድ ስላክ የተባለ የጥርስ ሐኪም ነው። አንቺም ሁልጊዜ ጓንት አድርጊ፤ ቀኑን ሙሉ የምትነኪው አንቺ ነሽ።

«ፈጽሞ አይላቀቅም» ተብሎ ስም የሌለው ርካሽ ፈሳሽ ቢያቀርቡልሽ አትግዢ። ኤምኤምኤ (ሜቲል ሜታክሪሌት) የሚባለው የአክሪሊክ ኬሚካል ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ንጹሕ ኤምኤምኤ ያላቸውን የጥፍር ምርቶች ከገበያ ያስወጣው ሰዎች ስለተጎዱበት ነው። በእርሱ የተሠራውን ጥፍር በር ቢይዘው ወይም ቢመታ የተለጠፈው አይላቀቅም፤ የተፈጥሮውን ጥፍር ይዞ ይነቀላል። የተለጠፈ ጥፍር የምናሟሟበት አሴቶንም በቀላሉ አይፈታውም። ስለዚህ ሲመታ የሚለቅ ሰው ሠራሽ ጥፍር ደንበኛዋን ከባሰ ጉዳት ያተርፋታል።

የጅማ ሴቶች እጅ ሥራ አያጣም። ሊጥ ያቦካል፣ ቡና ይለቅማል፣ ልብስ ያጥባል። ርዝመት ሲጠይቁሽ ሥራቸውን ጠይቂያቸው። ረጅም ጥፍር ጫፉ ሲነካ በረጅም ዘንግ ድንጋይ እንደ መፈንቀል ነው፤ ኃይሉ ሥሩ ላይ ያርፋል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ሲያድግ ወፍራሙ የአክሪሊክ ክፍል ወደ ጫፍ ይሄዳልና በ2 ወይም በ3 ሳምንት ተመልሰው ያስሞሉ። ከሙስሊም ደንበኞቻችን ብዙዎቹ ውኃ ጥፍሩ ካልደረሰ ውዱእ አይሞላም ብለው ሂና ይመርጣሉ። ለሠርግ ብቻ የሚያስለጥፉም አሉ። «ውኃ ያሳልፋል» ብለሽ አትሽጪላቸው፤ ከሠርጉ በኋላ ራሳቸው እንዳይገነጥሉትም ወዲያው ተቀብለሽ በአሴቶን አንሺላቸው።

ለመጠገን ስትቀመጪ የተነሣውን አትገንጥዪ፣ በመቁረጫም አትንከሺው፤ ያልተላቀቀውን ታስነሺዋለሽ። የተነሣውን ብቻ ከተፈጥሮው ጥፍር ጋር እስኪስተካከል በሞረድ አሳሺው፣ ከሥሩ ደረቅና ንጹሕ መሆኑን እዪ፣ እንደ አዲስ አዘጋጅተሽ ሙዪው። ከሢሶው በላይ ከተነሣ ሙሉውን በአሴቶን ዘፍዝፈሽ አውርጂ። በሳምንቱ ውስጥ የተላቀቀ እኔ ጋ ያለ ክፍያ ይሠራል፤ አንቺም እንዲሁ ታደርጊያለሽ። ጥፍሯ የተጎዳ ብትሆን ግን ብትቆጣም አትለጥፊላት፤ ገንዘቡ ይቅር።

ስትመጪ ለስላሳ ሞረድና ጓንት በብዛት ይዘሽ ነይ፤ እዚህ ዋጋው ጨምሯል። ጄሉንና መብራቱን ከአንድ አምራች ግዢ፤ ደረሰኙንም አትጣዪ። አውቶቡስ የምትሳፈሪበትን ቀን ቀድመሽ ንገሪኝ፤ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ
ጅማ