ሳታነብ አትፈርም፦ ደብዳቤ ለልጄ

አቡዬ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብረ ብርሃን እንደምታውቃት ናት፤ ሌሊቱን ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። እኔም ከጉልበቴ በቀር ሌላ በሽታ የለብኝም።

እሁድ እህትህ መጥታ አዲሱን ካርድህን አሳየችኝ። ስምህ ደመቅ ብሎ ተጽፏል፣ ከስሩ «ማኔጂንግ ፓርትነር» ይላል። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሽሃለሁ። ቡና ሊጠጡ ለመጡት ጎረቤቶች ሁሉ እያዞርኩ አሳየሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እህትህ እንዳለችው ከጓደኞችህ ጋር የምትሠሩበት ውል ገና አልተፈረመም። በእንግሊዝኛ ነው አሉ፣ ገጹም ብዙ ነው። አንተም «ጓደኞቼ ናቸው፣ ምኑን አነበዋለሁ» ብለሃል። እውነት ብለሃል? የእንግሊዝኛ አስተማሪ ልጅ!

ሳታነብ አትፈርም።

ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ቋንቋ ነውና ትንሽ ታገሠኝ። እንግሊዞች አብሮን ለሚኖር፣ ለሚበላ፣ ለሚነግድ ሰው ቃል ሞልቷቸዋል። ከፊሉ የማዕድ ነው፣ ከፊሉ የገንዘብ። «ኮምፓኒየን» በላቲን አብሮ ዳቦ የሚቆርስ ነው፤ የኛው ባልንጀራ በለው። «ኮምሬድ» ከስፓኝ የመጣ ነው፤ አንድ ክፍል አብሮ የሚያድር ማለት ነበር። እኛ በደርግ ጊዜ ጓድ ጓድ ስንባባል፣ እንኳን አንድ ክፍል ልናድር፣ አንዳችን የሌላውን ደጃፍ ለመርገጥ እንፈራ ነበር። «ፌሎው» ደግሞ ስትሰማው ቀላል ይመስላል። ጥንት በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ቋንቋ ግን ንብረቱን ከሌላው ጋር አንድ ላይ ያኖረ ሰው ነው። እዚያ ውስጥ ያለው የንብረት ቃል ከብትም ማለት ነበር። በጎቹን ለርቢ የሰጠ የመንዝ ገበሬ ይሄን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

«ፒር» እኩያ ነው። ግን እዚያው እንግሊዝ አገር መኳንንቱም «ፒር» ይባላሉ። እርስ በርሳቸው እኩያ ናቸው፣ ከእረኛው ጋር አይደለም። ስለዚህ እኩል ነን ሲሉህ ከማን ጋር ብለህ ጠይቅ።

ያንተን ነገር የሚወስኑት «አሶሺዬት» እና «ፓርትነር» ናቸው። በውጭዎቹ የጥብቅናና የኦዲት ድርጅቶች አሶሺዬት ብዙውን ጊዜ ደመወዝተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲም ብትሄድ ተባባሪ ፕሮፌሰር ከሙሉው በታች ነው። «ፓርትነር» ግን ከመካፈል የወረደ ቃል ነው፤ ትርፉንም ኪሳራውንም ይካፈላል። ካርድ ላይ ፓርትነር ተብለህ ውሉ ውስጥ ተቀጣሪ ሆነህ ልትገኝ ትችላለህ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ግልባጩ ነው፤ ደመወዝህ የተቀጣሪ፣ ዕዳህ የባለቤት።

የጎረቤታችን ልጅ፣ ጠበቃዋ፣ በ2013 የወጣውን የንግድ ሕግ አመጣችልኝ። መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩበት። የኅብረት ሽርክና ማኅበር ከሆነ ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትም በነጠላም ተጠያቂ ናቸው። ገንዘብ ጠያቂው የአንተን ድርሻ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ከአንተ ሊጠይቅ ይችላል። በመካከላችሁ «ይሄን ያህል ብቻ ነው የምከፍለው» ብትባባሉ እሱን አያግደውም። እናንተ ፒኤልሲ የምትሉት፣ ኃላፊነቱ የተወሰነው የግል ማኅበር፣ ሌላ ነው። የናንተ የትኛው ነው? ታውቃለህ? ካላወቅህ አትፈርም።

የወፍጮውን ነገር ታስታውሳለህ? ትንሽ ስለነበርክ ድምፁን ብቻ ሳታስታውስ አትቀርም። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከክርስትና አባትህ ጋር ሆኖ ነበር ሞተሩን በዱቤ ያመጣው። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም። «በሱና በኔ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል» አለኝ። መጀመሪያ ደህና ሄደ። ኋላ የክርስትና አባትህ ንግድ ብሎ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ፣ ድርሻውንም እዚያው አሟጠጠው። ባለዱቤው ቆላ ወርዶ አልፈለገውም፤ እኛ ቤት የተገኘውን ያዘ። ዳለቻዋ ላም አያትህ ጋ ለግጦሽ ሄደች ያልንህ ውሸት ነው። ተሽጣ ነው።

አባትህ አልከሰሰም። ግን ደግሞ አላናገረውም። አንድ ትሪ የቀረቡ ሰዎች፣ ገበያ ላይ ሲተያዩ አንዱ መንገድ ይለውጣል። አባትህ ታሞ በተኛ ጊዜ «እሱ መጣ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልመጣም ነበር። የመጣው ለተዝካሩ ነው፣ በግ እየጎተተ። ገመዱን ሲያቀብለኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተቀብዬ አጥሩ ላይ አሰርኩት፤ «ግባ» ለማለት ግን አፌ አልታዘዘኝም። ድንኳኑ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቀምሶ፣ ሳይሰናበት ሄደ። ላሟ አትቆጨኝም፣ ላም ይገዛል። የትኛው ዕዳ የማን እንደሆነ ያኔ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ አባትህ አልጋው አጠገብ የሚያጫውተው ሰው ባላጣ ነበር።

ጓደኞችህን አልጠረጠርኩም። ያኛው ረጅሙ ልጅ ለፋሲካ መጥቶ እንጨት የፈለጠልኝ፣ እንደ ልጄ ነው የማየው። ለሱም ብለህ አንብብ።

አሁን እንዲህ አድርግ። ውሉን በአማርኛም አስጽፈው። የራስህን ጠበቃ ያዝ፤ የነሱ ጠበቃ የነሱ ነው። ማን ምን እንዳዋጣ፣ መውጣት የፈለገ እንዴት እንደሚወጣ፣ ባንክ ቤት ማን እንደሚፈርም ተጽፎ ካላየህ ብዕር እንዳታነሳ። ከዚያ ውልና ማስረጃ አብራችሁ ሂዱ። «እናቴ አስጨነቀችኝ» በላቸው፣ እኔን ሰበብ ማድረግ ትችላለህ።

ያ የሚያምህ ጥርስ እንዴት ሆነ? ቀኝ በኩል ማኘክ ትተሃል አለች እህትህ። ሳያድር ታየው፣ ደመወዝ አትጠብቅ።

የክርስትና አባትህ ስኳር ይዞታል ይላሉ። ስልኩ እህትህ ጋ አለ። ደውልለት፤ የወፍጮውን ነገር እንዳታነሳበት።

ቅቤና በሶ ቅዳሜ በሚመጣው ሚኒባስ ልኬልሃለሁ፣ ላምበረት መናኸሪያ ጠብቀህ ተቀበል። ቅቤው ያለበትን ጣሳ ግን እጠበውና መልስልኝ፣ የሰው ነው።

እናትህ