ሞተሩ መጨረሻ ይሁን

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣ ደብረ ብርሃን

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ኤምጂቢ መኪናዋን ሊያስነሷት እንዳሰቡ ሰማሁ። አደራዎን፣ ሞተሩን መጨረሻ ያድርጉት። እሷ እንደ ድሮው ላንድሮቨር ለብቻው ሻንሲ፣ ማለት ቦዲውን የሚሸከም የብረት አጥንት፣ የላትም፤ ክብደቷን የሚሸከመው ላሜራው ራሱ ነው። ጣሪያም ስለሌላት ወገቧ ከበሮቹ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው የላሜራ ሳጥን ነው። እሱ ከበሰበሰ መሃሏ ይጎብጣል።

ማግኔት ይዘው ሳጥኑን ይዳስሱት። ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ስቱኮ፣ ማለት ቀዳዳ መሙያ ልጥፍ፣ ነው፤ እዚያ ላይ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ያድርጉት። የዛገ ቅርፊት ከረገፈ ነገሩ አልቋል። ዝገቱ የሚነሳው ከውስጥ ነው፤ ከፊት ጎማ ጀርባ ፓራፋንጎው ውስጥ ጭቃ ይከማችና ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ይዞ ይከርማል።

በያጁ «ከላይ ላሜራ ለጥፌ ልጨርስልዎ» ቢል እሺ እንዳይሉት። ሳጥኑ የውጭ፣ የመሃልና የውስጥ ላሜራ አለው፤ የውጩ ብቻ ቢቀየር ዝገቱ ታፍኖ ሥራውን ይቀጥላል። ሲቆረጥም ክሪክ መሃሏ ላይ እንዳይገባ፤ በአራት ጎማዋ ትቁም። መጀመሪያ ከበሩ ማጠፊያ ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ ድረስ ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) ይበየድ፣ በሩ መዘጋት እንዲችል ከውስጥ በኩል። አንዱ ጎን ሳያልቅ ሌላው አይነካ። ብየዳው ነጠብ ነጠብ እያለ፣ ቦታ እየቀያየረ ይሂድ፤ ባንድ ትንፋሽ ከተሳበ ላሜራው ይጣመማል። በየመሃሉ በሩን ዘግተው ይዩት፤ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ወይም ከታች ጠቦ ከላይ ከሰፋ ሥራው ይቁም። ባትሪው ይፈታ፣ ሰልባትዮውም (የቤንዚን ታንኩ) ከነቤንዚኑ ይውረድ።

ቀጥሎ ፍሬን። የፈረንጆች 1965 ሞዴል ስለሆነች ፍሬኗ ባለ አንድ መስመር ነው፤ አንድ ጎማ ላይ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ይጠፋሉ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። ሦስቱንም የፍሬን ላስቲክ ቱቦዎች፣ የፊቶቹን ሁለትና የኋላውን አንድ፣ ይቀይሩ፣ ከውጭ ደህና ቢመስሉም። ያረጀ ቱቦ ውስጡ ያብጥና ዘይቱ እንዳይመለስ ስለሚከለክል ፍሬኑ ይዞ ይቀራል። የሞተር ዘይት ጠብታም ቢሆን ወደ ፍሬኑ እንዳይገባ፤ ጎሚኒውን (ላስቲኩን) ያሳብጠዋል።

ባትሪ ሲገጠም ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ባትሪ ሠሪው ተሳስተዋል ቢልዎት አይስሙት።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ። አራቱን ካንዴላዎች ፈተው በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩና ይደር። ጠዋት አራተኛ ማርሽ አስገብተው ቀስ ብለው ይግፏት። ካልዞረች አያስገድዷት፣ ሌላ ቀን ይደር። ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) የሚነኩት በእጅ ከዞረች በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ከሁለቱም ካርቡራቶሮች ሥር ያለውን ዳዶ እኩል ወደ ላይ ያጥብቁ፣ በአንድ ጊዜ የዙር አንድ ስድስተኛ ብቻ።

ሦስቱን ቱቦዎችና ዶት 4 የፍሬን ዘይት ቅዳሜ በአውቶቡስ እልካለሁ። እስከዚያ የሁለቱንም በሮች የኋላ ክፍተት ከላይና ከታች በሚሊሜትር ለክተው በስልክ ይንገሩኝ።

ልጅዎ