ካሴቱ የተቀጠለባት ቦታ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤
ባሕር ዳር።

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በችኮላ የምጽፍልዎ፣ እህቴ ቤቱን ስታሳድስ የካሴቶቹን ካርቶን ልትጥለው እንዳሰበች፣ እርስዎም «ማጫወቻው ከተበላሸ ስንት ዓመቱ፤ ይጣል» ብለው እንደ ፈቀዱላት ስለ ሰማሁ ነው። እባክዎ፣ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ አንዱም እንዳይጣል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ አንዲት ትንሽ የሲዲ ማጫወቻና ሁለት አልበሞች ልኬልዎታለሁ። የመጀመሪያው ለእርስዎ አዲስ አይደለም፤ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ የቀረጸው፣ እኛ ቤት ከብፌው መሳቢያ የማይታጣው «ሸሞንሟናዬ» ነው። እርስዎ ኃይሉን የሚያውቁት በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋችነቱ ነው። በሰዓት እላፊው ዘመን አዲስ አበባ ሒልተን ገብቶ ያመሸ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ያድር እንደ ነበር ስንት ጊዜ አጫውተውኛል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲመጣ ከፊሎቹ አገራቸው ተመለሱ፤ እርሱ ግን እዚሁ ቀረ።

ያንን ካሴት ሲሠራ አብሮት የሚጫወት ባንድ አልነበረውም። አኮርዲዮኑንም፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንም፣ ሲንተሳይዘሩንም ራሱ እየተጫወተ አንዱን በሌላው ላይ ደረበው፤ ከበሮውን ለማሽን ሰጠው። ኦርጋን ከመስፋፋቱ በፊት በአገራችን ሙዚቃ ውስጥ የነበረውን የአኮርዲዮን ድምፅ መመለስ ፈልጎ ነበር፤ ለእኔ ጆሮ ግን የመለሰው ከዚያም የራቀ ነገር ነው። አምባሰልንና ሽለላን ሲጫወት አኮርዲዮኑ ድምፁን እየሰበረና እያንቀጠቀጠ በማሲንቆ ልማድ ያዜማል፤ ከሥሩ ያለው የማሽን ምት ደግሞ ፍንክች ሳይል ይቀጥላል። በልጅነቴ ይህን ሁሉ የሚጫወተው አንድ ሰው መሆኑን ፈጽሞ አልጠረጠርኩም።

ካሴቱ ከጊዜ በኋላ ከገበያ ጠፋ። ወደ ዓለም የተመለሰው ግን በእርስዎው ከተማ በኩል ነው። ከአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ የሚያስደምጥ ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር መጥቶ ሳለ ይህን ካሴት አገኘ፤ ኃይሉንም አፈላልጎ ደወለለት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተመው። ባለሙያው ሳያውቅና ሳይከፈለው የሚባዛው ሙዚቃ ብዙ በሆነበት፣ ይህ ሰው ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል መካፈሉን ስሰማ ልቤ ረክቷል።

ስልኩ ሲደወልለት ኃይሉ ታክሲ ሹፌር ነበር። እኔም እንደ መጣሁ ሁለት ዓመት ታክሲ ስለ ነዳሁ፣ እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ይዞ ተሳፋሪ መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ስልክ ያወራል፣ አንዱ ስለ አገር ፖለቲካ ይከራከራል። ኃይሉ ግን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና ይለማመድ ነበር። ስንት ዓመት፣ ማንም ሳይሰማው! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለእርሱ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ሁለተኛው አልበም የዚያ ልምምድ ፍሬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ላላ በሉ» ይባላል። ኃይሉ ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። ዳግም ከታተመው ካሴት ይልቅ ለዚህኛው የበለጠ ቦታ እሰጣለሁ፤ ምክንያቱም አሮጌ ሥራውን ማሳተም ለትናንቱ ክብር መስጠት ሲሆን፣ አዲሱ አልበም ግን ሰውየውን ከነሙያው ወደ መድረክ የመለሰ ነው። ከበሮና ቤዝ የሚጫወቱለት ቶኒ በክና ማይክ ማይኮቭስኪ አውስትራሊያውያን ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ የእኛን ምት ይዘልቁታል ብዬ አላመንኩም ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን «ትዝታ» ሲሰሙት ግን፣ አኮርዲዮኑ ብቻውን በዝግታ ከጀመረ በኋላ እንዴት ተጠንቅቀው እንደሚከተሉት ያስተውላሉ። መጨረሻ ላይ ያለውን «የፍቅር እንጉርጉሮ» ደግሞ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ቢያደምጡት ደስ ይለኛል፤ ፒያኖ ብቻ ነው።

እንግዲህ አባባ፣ አንድ ሰው ከባሕር ዳር ይዞት የሄደው ካሴት ይህን ሁሉ ካደረገ፣ በእኛ ካርቶን ውስጥ ያሉት የጎጃምና የወሎ አዝማሪዎች፣ እርስዎ በሠርግ ላይ የቀረጿቸው ስማቸው ያልተጻፈ ባለማሲንቆዎች እንዴት ይጣላሉ? እህቴን አደራ ይበሉልኝ፤ ካሴቶቹ ቆመው ይደርደሩ፤ ፀሐይና የሐይቁ እርጥበት ከማይደርስበት፣ ከድምፅ ማጉያም ራቅ ካለ ቦታ ይቀመጡ፤ ማግኔቱ ድምፁን ይጎዳዋልና። ለፋሲካ ስመጣ ደህና ማጫወቻ ይዤ መጥቼ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒዩተር እገለብጣቸዋለሁ። ሠርጉ የማን እንደ ነበር፣ የሚጫወተውስ ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ከእርስዎ ሌላ የለም፤ አጠገቤ ተቀምጠው ይነግሩኛል፣ እኔም እጽፈዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ አሮጌ ቴፓችን «አምባሰል» ላይ የኃይሉን ካሴት በልቶት፣ እርስዎ ክሩን በምላጭ ቆርጠው በእማዬ የጥፍር ቀለም የቀጠሉበትን ቀን ያስታውሳሉ? ከዚያ ወዲህ ዜማው እዚያች ቦታ ሲደርስ ይዘል ነበር፤ እኔም ዜማው እንዲያ የተሠራ ይመስለኝ ስለ ነበር ሳንጎራጉረው እንኳ እየዘለልኩ ነው። በምልክልዎ የ«ሸሞንሟናዬ» ሲዲ ላይ ግን ዝላዩ የለም፤ ከእኛ ካሴት ላይ የተቆረጠችውን ያችን ቁራጭ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት። እዚያች ቦታ ሲደርሱ ድምፁን ከፍ ያድርጉት።

አክባሪ ልጅዎ