ማሙሽ ወደ አዲስ አበባ ሊመጣልሽ ነው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ በርበሬው ደርሷት እንደሆነ ጠይቃት ብላኛለች። እኔ ግን የጻፍኩልሽ ለሌላ ጉዳይ ነው። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል፣ ነገሩም ረዘም ይላል።

ወደቡ አጠገብ ቡና የምታፈላዋን ሴትዮ ታስታውሻለሽ? ጀልባ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ልጇ ማሙሽ አሁን 11 ዓመቱ ነው። የልብ ሕመምተኛ ነው። በዚህ ወር ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ይመጣል፤ ተራው ደርሶለታል። እናቱ እዚያ ዘመድ የሚባል የላትም። ስለዚህ የአንቺን ስልክ ሰጥቻታለሁ። ሳታማክረኝ ብትይም ሰጥቻለሁ።

በሽታው የጀመረው በጉሮሮ ሕመም ነው። ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል ተብሎ ታለፈ። የጉሮሮው ባክቴሪያ በጊዜ መድኃኒት ካላገኘ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያው ራሱ ዞሮ ልብን ይጎዳል። ሐኪሞቹ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። ደሙን ወደፊት የሚያሳልፉት ቫልቮች ይጠባሰሳሉ፣ በደንብ አይገጥሙም፣ ደሙ ወደኋላ ይመለሳል። ለዚህ ነው ማሙሽ ትንሽ ፈጠን ካለ ትንፋሽ የሚያጥረው። በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ይወጋል፤ መርፌው ያማል፣ እሱም አይደብቅም። ይህ የልብ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን የምልሽ ልጆቻቸውን ከእሱ የሚያርቁ ሰዎች ስላየሁ ነው።

የተዋወቅነው በወፍ ነው። ጀልባዋን እያሰርኩ ነበር፤ ሌሎቹ ልጆች ይዋኛሉ፣ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ያቺን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ታውቂያታለሽ፤ ውሃው ላይ ክንፏን እያርገበገበች አንድ ቦታ ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ ሴቷ ናት» አለኝ። በምን አወቅህ አልኩት። «የወንዱ ደረት ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት አለ። የእሷ አንድ ነው፣ እሱም መሃል ላይ ይቋረጣል።» ማን ነገረህ ብለው፣ «ማንም። እዚህ ስቀመጥ ሳይ ነው» አለ። እኔ ዕድሜ ልኬን ሐይቁ ላይ ስመላለስ ያቺን ወፍ ወንድ ትሁን ሴት ጠይቄ አላውቅም። ማታ ቤት ገብቼ ለእናትሽ ስነግራት «አንተ ደረቷን ምን ታያለህ፣ ቤንዚንህን ነው የምታየው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እናቱን አስፈቅደን፣ ሐኪሙም በጀልባ መቀመጥ ችግር የለውም ካለ በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት ይዤው መውጣት ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሳና ማዕበሉ ስለሚያንገላታ አልደፍርም። የሕይወት ጃኬቱን አስሬለት ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት እንሄዳለን። እዚያ ሞተሩን አጠፋለሁ። ልጄ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት ያለ ችሎታ እንደሆነ ያየሁት በእሱ ነው። ሌሎቹን ልጆች ስወስድ ገና ሳንደርስ በጫጫታው ወፉ ሁሉ ይበራል። እሱ ግን አንገቱን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚያዞረው። ፔሊካኖቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣውን ወደ ጥልቀት አልባው ውሃ ሲነዱ፣ ከዚያ ሁሉም ባንዴ አንገታቸውን ሲነክሩ አብረን አይተናል። ከምንቃራቸው ሥር ካለው ከረጢት ውሃውን አንጠፍጥፈው ነው የሚውጡት፤ ማሙሽ ያን የሚንጠባጠብ ውሃ ነው የሚጠብቀው።

አንድ ቀን ጉማሬ ወጣ። ጆሮና አፍንጫ ብቻ። ተመልሶ ጠለቀ።

«ጋሼ፣ ትንፋሽ አያጥረውም?»

አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይዘጋል፣ አምስት ደቂቃ ያህል መቆየት ይችላል፣ ተኝቶ እንኳ ሳይነቃ ብቅ ብሎ ተንፍሶ ይመለሳል አልኩት። አሰበና፣ «ሩጫስ?» አለ። ሰውን ይቀድማል አልኩት። «በዛ ሆዱ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል እስኪሆን ሳቀ። እኔ ደነገጥኩ፣ እሱ በእጁ ቆይ አለኝ። ሲበርድለት ወዲያው ስለ ጉማሬው ቀጠለ፤ ሌሊት ሣር ሊግጥ ሲወጣ የማን ማሳ ውስጥ እንደሚገባ ሊያውቅ ፈለገ።

ደብተር አለው። ትምህርት ቤት አዘውትሮ ስለማይሄድ የሒሳቡ ደብተር ወደ ወፍ ደብተርነት ተቀይሯል። ለሁሉም ስም አውጥቶላቸዋል። ዓሣ ገበያው ጋ የሚቆመውን አባ ኮዳ «ዘበኛው» ይለዋል፤ እውነቱን ነው፣ ካፖርት ደርቦ በር ላይ የቆመ ሰው ነው የሚመስለው። አሳይኝ በዪው፤ ግን ራሱ እስኪከፍተው ጠብቂ።

አሁን ጥር ነው፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የመጡት ረጃጅም ግራጫ ወፎች አሉ። በሺዎች ሆነው ይሰፍራሉ። እሱ ግን እዚያ ድረስ ሄዶ አላያቸውም፤ እኔ ነኝ ዓይቼ የነገርኩት። ባለፈው «ከአዲስ አበባ ስመለስ ይኖራሉ?» አለኝ። እናቱ ከጎኔ ነበረች፣ ፊቷን አዞረች። ክረምቱ ሲያልፍላቸው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፣ ኅዳር አካባቢ ደግሞ ይመጣሉ አልኩት። አንተም ታያቸዋለህ አላልኩም። የማላውቀውን ነገር ለእሱ ቃል አልገባም። እሱም ያን ያህል ነው የጠየቀኝ። ወዲያው ስንት ቀን ይበራሉ ወደሚለው ሄደ።

እንግዲህ ስታገኚው ከንፈር እንዳትመጪ። ምስኪን፣ አይዞህ፣ እግዜር ይማርህ የሚለው ሰው ሞልቷል፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚያናግረው፣ ከዚያ ዞር ብሎ በላዩ ላይ ስለ እሱ ያወራል። አንቺ ገና ስትገቢ ስለ ወፍ ጠይቂው። ስለ ልቡ ማውራት ሲፈልግ ራሱ ያመጣዋል፤ ሲያመጣው ደግሞ ወሬ አትቀይሪበት። ሲደክመው ዝም በዪና አብረሽው ተቀመጪ።

ከሆስፒታል መስኮትም ብዙ ይታያል። አንቺ በአካውንቲንግ ተጠምደሽ ረስተሽው ካልሆነ በስተቀር፣ አዲስ አበባም ወፍ ሞልቶታል። ማለዳ በመንጋ ሆነው እየጮሁ የሚያልፉት፣ ቆልማማ ረጅም ምንቃር ያላቸው ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የሉም። ያ ወፍራም ምንቃሩ የሚያስፈራው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ አይወጣም። ጭልፊቱንማ ሥጋ ቤት አጠገብ ታገኚዋለሽ። በየቀኑ ስትመላለሺ መንገድ ላይ ያየሽውን ይዘሽለት ግቢ፤ ቀለሙን፣ ምንቃሩን፣ ምን ሲሠራ እንዳየሽው። ቀልደሽ ፈጥረሽ እንዳትነግሪው፣ ይይዝሻል። አቅርቦ የሚያሳየውን የድሮ መነጽርሽን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ፤ ሳጥን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ነበር።

ጉንፋን ከያዘሽ ወይም ጉሮሮሽን ካመመሽ አትሂጂ፤ በስልክ አውሪው። የሚበላ ነገር ከመውሰድሽ በፊት ነርሷን ጠይቂ። ለእናቱ ግን ሳትጠይቂ ውሰጂ። እሷ ኮሪደር ላይ ስትጠብቅ መብላቷን ትረሳለች፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ስለ ልጁ ነው፣ አንቺ ስለ እሷም ጠይቂያት።

ሐሙስ በማለዳው አውቶቡስ ይነሳሉ፣ ወደ ማታ ይደርሳሉ። ክፍል ካለሽ ጓደኛሽን ላኪ እንጂ መናኸሪያ ላይ ብቻቸውን አይቁሙ። ማሙሽ ሻንጣ እንዲሸከም አትፍቀጂለት። እሸከማለሁ ብሎ ይከራከርሻል፤ ደብተሩንና መነጽሩን ያስያዝሽው እንደሆነ ይበቃዋል።

አባትሽ
ከባሕር ዳር